አረቦኑ ሲወዳደር ካሳው ተረሳ

የመኪና መድን የሚታደስበት ወር ሲደርስ ብዙው ባለንብረት የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው፤ ሦስት አራት ኩባንያ ደውሎ «ስንት ነው?» ይላል። አንዱ ጥቂት ሺህ ብር ከቀነሰለት ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። አደጋ ቢደርስ ካሳው በስንት ቀን ይከፈላል? መኪናው የት ጋራዥ ይገባል? ከመለዋወጫው ዋጋ ለእርጅና ምን ያህል ይቀነሳል? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጠየቀም ቢሆን ከወኪሉ ቃል በቀር ኩባንያዎቹን ጎን ለጎን የሚያይበት መረጃ በእጁ አይገባም።

አማራጭ ጠፍቶ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች ከተወረሱ በኋላ ገበያው ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በመንግሥት እጅ ብቻ ነበር። የግል ባለሀብቶች የገቡት በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ዛሬ ኩባንያዎቹ ከ15 በላይ ናቸው፤ ፉክክራቸው ግን በአብዛኛው ዋጋ ላይ ቀርቷል።

በሦስተኛ ወገን መድን ላይ ብዙ ማማረጥ አያስፈልግም፤ ዝቅተኛውን ሽፋን የሚወስነው ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለሞት እስከ 40,000፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር ደንግጎ ነበር። ይህ ለተጎዳው ሌላ ሰው እንጂ ለባለመኪናው መጠገኛ አይሆንም። ልዩነቱ የሚታየው ሙሉ ኢንሹራንስ ላይ ነው። ኤክሰሱ፣ ማለትም ባለንብረቱ ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ፣ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ስፖኪዮ ተነቅሎ ቢሰረቅ ውሉ መሸፈኑና አለመሸፈኑም እንዲሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን መኪናው የተመዘገበበት ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። መለዋወጫው ተወደደ፣ መኪናውም ተወደደ። በድሮው ዋጋ ውሉን ያደሰ ሰው ግን አረቦኑ ስላልጨመረ ያተረፈ መስሎታል። ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን ተመዝግቦ የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ከዋጋ በታች የተገባ መድን በድርሻው ልክ ስለሚከፈል ኩባንያው የሚሰጠው 100,000 ብር ነው፤ ከዚያም ኤክሰሱ ይቀነሳል። ደንበኛው በዚያች ቀን ተታለልኩ ይላል። ስሌቱ ከውሉ ጋር የሚሄድ ነው፤ ሲያድስ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳውም። ቅናሹን በደስታ የሚናገር ወኪል ይህንንም የመናገር ግዴታ ሊኖርበት ይገባል።

የቤት መድን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ባንክ ለብድር ዋስትና ስለሚጠይቀው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ውሉን ሳያነብ ይፈርማል። በከተማ ከቤት ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቦታው ነው፤ ቦታውን ግን እሳት አይበላውም። መመዝገብ ያለበት በዛሬው የሲሚንቶ፣ የብረትና የጉልበት ዋጋ ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። የዕዳውን መጠን ብቻ ያስመዘገበ ሰው ቤቱ ቢቃጠል ብድሩን ይዘጋ ይሆናል እንጂ ቤት አይኖረውም።

ይህን ሁሉ ለደንበኛው ጥንቃቄ ብቻ መተው ፍርደ ገምድልነት ነው። በብሪታንያ ተቆጣጣሪው አካል ከቀረቡ የካሳ ጥያቄዎች ስንቱ ተቀባይነት እንዳገኘና በአማካይ ስንት እንደተከፈለ በየኩባንያው ስም ያወጣል። የሕንዱ ተቆጣጣሪም ስለ ካሳ አከፋፈል በየዓመቱ መረጃ ያሳትማል። የኢትዮጵያ ኩባንያዎችም የዓመት ሪፖርታቸው ላይ ትርፋቸውንና የከፈሉትን ጠቅላላ ካሳ ይገልጻሉ፤ ደንበኛው የሚፈልገው ግን ስንት ጥያቄ ውድቅ እንደሆነና የተቀሩት በስንት ቀን እንደተከፈሉ ነው። ዘርፉን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ሁሉም ኩባንያ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያወጣ ሊያስገድድ ይገባል።

እስከዚያው አንባቢ የዘንድሮውን ውል ከማደሱ በፊት የንብረቱን የዛሬ ዋጋ ያስገምት፤ ስለ ኤክሰሱ፣ ስለ እርጅና ተቀናሹና ስለ መክፈያው ጊዜም በጽሑፍ መልስ ይጠይቅ።