መለኪያ የሌለበት መንደር በዝናብ ካርታ ላይ ለምን ቀለም አለው?

በስልካችን ከሚዘዋወሩት ምስሎች አንዱ የዝናብ ካርታ ነው። ባለፈው ወር የት ምን ያህል ዘነበ፣ የትኛው አካባቢ ከወትሮው አነሰበት የሚል። ካርታው ላይ አገሪቱ ከዳር እስከ ዳር በቀለም ተሞልታለች፤ አንድም ባዶ ቦታ የለም። ይህን ያየ ሰው ሁሉም ቦታ የተለካ ይመስለዋል። «ሳተላይቱ አይቶታል» ብሎ ክርክር መዝጋትም ተለምዷል። ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም በዚህ ቀለም ላይ ተመሥርቶ የሰው ገንዘብ ይከፈላል ወይም ይቀራል።

የአገራችን የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች በብዛት ያሉት በከተሞችና በዋና ዋና መንገዶች ዳር ነው። ደጋው በአንጻራዊነት ይሻላል። ወደ አፋር፣ ወደ ሶማሌ፣ ወደ ቦረና ስንወርድ ከአንዱ ጣቢያ እስከ ሌላው ያለው ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። በመሃል ላለው መንደር ካርታው የሚሰጠው ቁጥር ከስሌት የመጣ ግምት ነው።

የስሌቱ መነሻ ቀላል ሐሳብ ነው፤ የሚቀራረቡ ቦታዎች ይመሳሰላሉ። በ1951 (እ.ኤ.አ.) ዳኒ ክሪግ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ፣ በዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማዕድን ከተወሰዱ ናሙናዎች ተነስቶ ገና ያልተነካው መሬት ምን ያህል ወርቅ እንደያዘ የሚገመትበትን መንገድ በማስተርስ ጽሑፉ አቀረበ። ፈረንሳዊው ጆርጅ ማትሮን ሒሳቡን አስፋፍቶ ስልቱን በሰውየው ስም «ክሪጊንግ» አለው። ወርቅ ግን ባለበት ይቀመጣል፤ ዝናብ ቦታም ጊዜም ይለዋውጣል። ስለዚህ የዝናብ ሞዴል የቦታን ርቀት ብቻ ሳይሆን የቀናትንም ርቀት አብሮ ማሰብ አለበት።

ያኔ ቁጥሩ ይበዛል። 1,000 ጣቢያዎች ለ30 ዓመት በየቀኑ ቢያነቡ ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ልኬት ይሆናል። ቀጥተኛው ስሌት እያንዳንዱን ልኬት ከእያንዳንዱ ጋር አዛምዶ እኩልታውን ስለሚፈታ፣ ዳታው እጥፍ ሲሆን ሥራው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ትልልቅ ኮምፒውተሮችም እዚህ ላይ እጅ ይሰጣሉ። ከተገኙት መላዎች አንዱ ለእያንዳንዱ ነጥብ ጥቂት የቅርብ ጎረቤቶቹን ብቻ መጠየቅ ነው። (ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን የአባቶቻችንን አባባል ቬኪያ የተባለ ተመራማሪ በ1988 በሒሳብ ጻፈው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።)

ሳተላይቱስ? ሜቲዮሳት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ በየጥቂት ደቂቃው ምስል ይልካል። የሚያየው ግን ዝናቡን ራሱን አይደለም፤ የደመናው አናት ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ነው። አናቱ በጣም የቀዘቀዘ ደመና ረጅም ነው፣ ረጅም ደመና ደግሞ ያዘንባል ተብሎ ይገመታል። በተራራ ላይ ከዝቅተኛና ሞቅ ካለ ደመና የሚወርደው ዝናብ ያመልጠዋል፤ ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ስስ ደመና ደግሞ ጠብታ ሳይጥል ዝናብ ያስመስለዋል። ለዚህ ነው ቺርፕስ የተባለው፣ ከ1981 ጀምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት የተዘጋጀው የዝናብ መረጃ ሳተላይትን ከመሬት ጣቢያዎች ጋር የሚያዋህደው። ሳተላይቱ የዝናቡን ቅርጽ ይሰጣል፣ ጣቢያው መጠኑን ያርመዋል። ጣቢያ በሌለበት የሚያርመው የለም።

ነገሩ የሒሳብ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን። በ2013 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ዋጂር ውስጥ፣ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን በሸሪዓ በተፈቀደው የተካፉል መንገድ ዋስትና እንዲያገኙ የሚያደርግ አገልግሎት ተጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመትም የመጀመሪያው ክፍያ ተከፈለ። በእኛው ቦረናም ከ2012 ጀምሮ በተመሳሳይ ስሌት የሚሠራ የእንስሳት መድን ነበር። በዚህ አሠራር የሞተ ከብት የሚቆጥር ሰው አይመጣም። ሳተላይት የአካባቢውን የግጦሽ ልምላሜ ይለካል፤ ልምላሜው ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ከተወሰነው ወለል በታች ከወረደ ይከፈላል። ወጪው ይቀንሳል፣ ማጭበርበር ይጠፋል፣ ገንዘቡም ቶሎ ይደርሳል። እኛም በጎ ሥራ ነው እንላለን።

ነገር ግን የሚለካው የአንድ ሰፊ አካባቢ አማካይ ነው። ዝናቡ ከኮረብታው ወዲህ ጥሎ ወዲያ ማዶ ከቀረ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ከብቱን ቀብሮ «አካባቢህ ለምለም ነው» ይባላል። በሥርዓቱ መዋጮውን ከፍሏል፤ ማንም አልዋሸውም፤ ቁጥሩ ግን የእሱን ሜዳ አያውቅም።

አቋማችን ይህ ነው፦ ካርታ ለብቻው መውጣት የለበትም። ክሪጊንግ ለእያንዳንዱ ግምት ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንደሚቻል አብሮ ያሰላል። ማለትም ሁለተኛ ካርታ አለ፤ የጥርጣሬ ካርታ። ይህ ካርታ ብዙ ጊዜ ከተመራማሪው ኮምፒውተር አይወጣም። «ተራው ሰው ግራ ይጋባል» የሚሉ አሉ። እኛ አንቀበለውም። አርብቶ አደር ዕድሜውን ሙሉ ዝናቡ ይመጣል አይመጣም እያለ የሚያመዛዝን ሰው ነው፤ ጥርጣሬን ከማናችንም በላይ ያውቃል። ግራ የሚያጋባው እርግጠኛ መስሎ የመጣ ቁጥር ነው።

ስታትስቲክስና ኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠኑ ወጣቶች ዳታ ሳይንስ ሲባል የማስታወቂያና የባንክ ሥራ ብቻ አይታያችሁ። የቺርፕስ መረጃ በነፃ ይወርዳል፤ አር የተባለው የስሌት ፕሮግራምም ነፃ ነው። የከተማችሁን ጣቢያ ልኬት ካገኛችሁ ካርታው ከሚለው ጋር አስተያዩት። የት ላይ እንደሚራራቁ ማሳየት ብቻውን ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል።

የጥርጣሬ ካርታው ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀጣዩ የዝናብ መለኪያ የት ቢተከል ብዙ እንደሚያስተምር ያመለክታል። በእጅ የሚነበበው መለኪያ ዝናብ የሚያጠራቅም ዕቃና መስፈሪያ ነው። የሚያስፈልገው በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሄዶ የሚያነብና የሚመዘግብ፣ ለዚህም ድካሙ የሚከፈለው አንድ የመንደሩ ሰው ነው።