የመብራት ዋጋና የከተማ አደራ

የኤሌክትሪክ መብራት የመኳንንት ቤት ጌጥ ብቻ የነበረበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ ሐኪም በሽተኛውን የሚያክመው፣ ተማሪ በምሽት የሚያጠናው፣ ባለ ወፍጮ እህሉን የሚፈጨው፣ ውሃም ከጕድጓድ ወደ ቤት የሚወጣው በዚሁ ኀይል ነው። ስለዚህ የመብራት ዋጋ የሻጭና የገዢ ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደር ጕዳይ ሆኗል። ዋጋው ከሚገባው በላይ ቢሆን ድኻው በጨለማ ያድራል፤ ከሚገባው በታች ቢሆን ደግሞ ምሰሶ ሲወድቅ የሚያቆም፣ ሽቦ ሲበጠስ የሚቀጥል ገንዘብ ይጠፋና ድኻውም ባለጠጋውም አንድነት በጨለማ ያድራሉ። በዚህ በሁለቱ መካከል ትክክለኛውን መንገድ ለይቶ መያዝ የሹም ብልኀት ነው።

ይህን ነገር ለመመርመር፣ በሰሜን አሜሪካ በቬርሞንት ክፍለ ግዛት በሻምፕሌን ሐይቅ ዳር የምትገኘው የበርሊንግተን ከተማ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። የሕዝቧ ቍጥር በ2020 በተደረገው ቈጠራ 45 ሺሕ እንኳ አልሞላም። (ስለዚህች ከተማ በሚነገረው ሁሉ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በ1905፣ በሙያው ብረት ቀጥቃጭ በነበረው በከንቲባ ጄምስ በርክ ዘመን፣ ከተማይቱ ብርሃን ለትርፍ በሚሸጥ ኩባንያ እጅ ብቻ እንዳይቀር ብላ የራሷን የኤሌክትሪክ ድርጅት አቋቋመች። ድርጅቱም ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት እስከ ዛሬ የማዘጋጃ ቤቱ ክፍል ሆኖ ይሠራል።

እንዲህ ያለው ድርጅት ትርፍ የሚካፈሉ ባለ አክሲዮኖች የሉትም። ባለቤቱም ከፋዩም ያው የከተማው ሕዝብ ነው። ሥራውን የሚቈጣጠሩ ኮሚሽነሮች በከተማው ምክር ቤት ይሾማሉ፤ ዋጋ ልጨምር ባለ ጊዜም ጥያቄውን ለክፍለ ግዛቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን አቅርቦ ማስመርመር ግዴታው ነው። ስለዚህ የዋጋው ምክንያት በአደባባይ ይነገራል፤ ቅር ያለውም ሰው አቤቱታውን የሚያሰማበት ደጅ ቅርብ ነው።

የከተማይቱ የኀይል ምንጭ በየዘመኑ ተለውጧል። ከ1954 እስከ 1986 ድረስ በሐይቁ ዳር በነበረው የሞራን ጣቢያ የድንጋይ ከሰል ይነድ ነበር። በ1984 በተለይ በእንጨት ፍልጥና ስብርባሪ የሚሠራው የማክኒል ጣቢያ ተከፈተ፤ ኀይሉ 50 ሜጋዋት ሲሆን የከተማው ድርሻ ግማሹ ነው፤ የቀረው የሌሎች ድርጅቶች ነው። በ2014 ደግሞ 7.4 ሜጋዋት የሚሰጠውን የዊኑስኪ ወንዝ የውሃ ኀይል ጣቢያ ከተማይቱ ገዛች፤ ከዚህ ወዲህ የምትጠቀምበትን ያህል ኤሌክትሪክ ሁሉ ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከእንጨት ለማግኘት በቃች። እንጨት ማንደድ አየሩን ይጐዳል በማለት የሚከራከሩ ዜጎች አሉ፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም።

ከምንጩ ይልቅ ግን ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባው ሌላ ሥራ አለ። በ1990 የበርሊንግተን ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ 11.3 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ፤ ገንዘቡም አዲስ ጣቢያ ለማሠራት ሳይሆን ኤሌክትሪክ በከንቱ እንዳይባክን ለማድረግ ነበረ። አምፑሉ በተሻለ ተለወጠ፤ ሞተሩና የቤቱ ዕቃ ጥቂት ኀይል በሚበላ ተተካ። ያልባከነ ኀይል እንደ ተገዛ ኀይል ነው፤ ዋጋው ግን ያነሰ ነው። ድርጅቱ በዚህ ላይ ከታዳሽ ምንጭ ስለሚያመነጨው ኀይል የሚያገኘውን የምስክር ወረቀት ለሌሎች በውድ ዋጋ እየሸጠ፣ በርካሽ የሚገኘውን በምትኩ እየገዛ፣ ልዩነቱን ለሕዝቡ ዋጋ ማቅለያ ያደርገዋል።

በዚህ ብልኀት ከ2009 እስከ 2021 ድረስ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የመብራት ዋጋ ሳይጨመር ቆየ። ይህ በእርግጥ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የሽቦ፣ የምሰሶና የሠራተኛ ዋጋ ቆሞ አልጠበቀም፤ በመጨረሻውም የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ መደብርና መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ሽያጩ ቀነሰ። በ2021 ድርጅቱ ከመቶ 7.5 ጭማሪ ጠየቀ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ሌሎች ጭማሪዎች ተከተሉ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተ ሰቦች የተለየ ቅናሽ በመደረጉ ሸክሙ በደካማው ትከሻ ላይ እኩል አልወደቀም። ይሁን እንጂ ዐሥራ ሁለት ዓመት ጭማሪ ያልሰማ ጆሮ በድንገት ሲሰማ መደንገጡ አልቀረም። አባቶች ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚሉት ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት የሚጨመር ዋጋ ይለመዳል፤ ተከማችቶ የሚመጣ ግን ምንም እውነተኛ ምክንያት ቢኖረው እንደ በደል ይቈጠራል።

ይህችው ከተማ ሌላም ትምህርት ትሰጣለች። ከኤሌክትሪኩ ተለይቶ የቴሌቪዥን፣ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ የከተማ ድርጅት አቋቁማ ነበር። ይህ ድርጅት ገቢው ከወጪው ባነሰ ጊዜ ከከተማው የጋራ ሣጥን 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል መወሰዱ በ2009 ታወቀ። የከተማይቱ ስም በአበዳሪዎች ዘንድ ዝቅ አለ፤ ክርክሩም ወደ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2014 በስምምነት እስኪያልቅ ዓመታት ፈጀ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሕዝብ ባለቤትነት፣ አንዱ ድርጅት ሲከበር ሁለተኛው ያሳፈረበት ምክንያት የባለቤቱ ስም አይደለም። ንብረቱ የሕዝብ መሆኑ ብቻውን ሥራውን አያቀናውም፤ ሒሳቡ በየሣጥኑ ተለይቶ ሲያዝና ጕድለቱ ሳይሸሸግ ሲነገር ነው የሚቀናው።

«ሕዝቡ ኑሮ ከብዶታልና ዋጋው ባለበት ይቆይ» የሚል አሳብ የርኅራኄ አሳብ ይመስላል። ነገር ግን ዋጋው ሳይጨመር የቀረው ወጪ ስለ ቀነሰ ከሆነ መልካም ነው፤ ወጪው እያደገ ለምስጋና ሲባል ብቻ ተይዞ ከሆነ ግን ዕዳው ለልጆች ይተላለፋል። በርካሽ ዋጋም ከድኻው ይልቅ የሚጠቀመው ብዙ አምፑልና ብዙ ማሽን ያለው ባለጠጋ ነው። ርኅራኄ የሚገለጸው ዋጋውን ለሁሉ በማውረድ ሳይሆን፣ የድኻውን ድርሻ ለይቶ በማቅለል ነው።

ነገሩ ከኢትዮጵያም የራቀ አይደለም። እዚህ የኤሌክትሪክ አገልግሎት የየከተማው ሳይሆን የመላው አገር መንግሥታዊ ድርጅት ነው፤ የዋጋው ታሪክ ግን ይመሳሰላል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል፣ ታሪፉ ሳይለወጥ ቆይቶ በዚያ ዓመት በአራት ዓመት የሚከፋፈል ጭማሪ ተጀመረ። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀመው ቤተ ሰብ ግን በዚያ ጊዜ በቀድሞው ዋጋ እንዲቆይ ተደረገ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል ሌላ የአራት ዓመት ደረጃ ተከተለ። ጭማሪውን በደረጃ መክፈልና የድኻውን ድርሻ መለየት ትክክለኛ አሠራር ነው። የሚቀረው ለከፋዩ ምክንያቱን በሚገባው ቃል ማስረዳት፣ ጭማሪውን የከፈለም ሰው በአገልግሎቱ መሻሻል እንዲያየው ማድረግ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሥራ የተሾሙ ሁሉ ሦስት ነገር ሊጠብቁ ይገባቸዋል። የመብራት ገንዘብ ለመብራት ሥራ ይዋል፤ ከሌላ ሣጥን ጋር አይደባለቅ። ዋጋው በየጊዜው ይመርመር፤ ሲጨመርም ሲቀነስም ምክንያቱ ለሕዝብ ይገለጽ። አዲስ ጣቢያ ከመሥራት አስቀድሞም የሚባክነው ኀይል ይቈጠብ። በየአጥቢያው ሕዝብን የሚመክሩ ካህናትም ቈጠባ ንፉግነት አለመሆኑን፣ የተጠቀሙበትን መክፈልም የባልንጀራን ብርሃን መጠበቅ መሆኑን ቢያስተምሩ ትልቅ እርዳታ ይሆናል።

የበርሊንግተን ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ብርሃናቸውን በእጃቸው ይዘው የቆዩት ስሕተት ሳይሠሩ ቀርተው አይደለም፤ ስሕተታቸው በአደባባይ እየታየ ስለ ታረመ ነው። ዋጋው ሳይሸሸግ የሚነገርለት መብራት ሕዝቡ የእኔ ብሎ ይጠብቀዋል፤ አስተዳዳሪውም ከመብራቱ ጋር የሕዝቡን እምነት ያገኛል።