ታሪካችን የት እንደ ደረሰ ለማወቅ ሃምሳ ዶላር?

ባለፈው እሑድ፣ ይህን ጋዜጣ ከምታነሡባቸው ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ ከአንድ ወጣት ወገኔ ጋር ቡና ይዘን ተቀምጠን ነበር። ይህ ልጅ ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። መኪና በማይመጣበት ሰዓት፣ በዚያች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ አጫጭር ልብ ወለዶችን ይጽፋል። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጎ ይጽፋል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት። አምስት ታሪኮች አሉኝ። ለብዙ መጽሔቶች ልኬአለሁ። የትኛውን ለማን እንደ ላክሁ፣ ማን መለሰልኝ ማን ዝም አለኝ፣ ጠፍቶብኛል። ይህን ሁሉ የሚከታተል አገልግሎት አለ፣ በዓመት ሃምሳ ዶላር ነው አሉኝ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?»

እኔም ሳላመነታ «ጸሐፊ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም!» ብዬ መለስሁለት። እርሱም አክብሮኝ ዝም አለ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ያልሁት ነገር ለጆሮ የሚጥም እንጂ ለልጁ ጥያቄ መልስ አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ዕዳዬን ልክፈል። ልጆቻችን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሰው አገር ቋንቋ መጻፍ ከጀመሩ ቆይተዋልና ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም።

ለመሆኑ ይህ አገልግሎት ምንድን ነው? ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ በሺህ የሚቆጠሩ መጽሔቶችን ዝርዝር ይይዛል፤ የትኛው ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚፈልግ፣ ስንት ቃል እንደሚቀበል፣ ይክፈል አይክፈል፣ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ ይነግራል። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው «ይህን ታሪክ በዚህ ቀን ለዚህ መጽሔት ላክሁ» ብሎ ይመዘግብበታል፤ መልስ ሲመጣም ያንኑ ይመዘግባል። የሁሉም ጸሐፊዎች መዝገብ ሲደመር፣ አንድ መጽሔት በአማካይ በስንት ቀን እንደሚመልስ፣ ከመቶ ስንቱን እንደሚቀበል የሚያሳይ አኀዝ ይወጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ዱኦትሮፕ የሚባለው ነው። በ2005 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ሲጀመር በነፃ ነበር። ለዓመታት ደጋፊዎቹን መዋጮ ሲጠይቅ ቆይቶ፣ መዋጮው አልበቃ ሲለው ከጥር 2013 ጀምሮ በወር 5 ዶላር ወይም በዓመት 50 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። በዚያን ጊዜ በጸሐፊዎች መንደር ታላቅ ጩኸት ተነሣ። በዚያው ዓመት ዴቪድ ስቴፈን የተባለ ደራሲና የኮምፒዩተር ባለሙያ ሳብሚሽን ግራይንደር የተባለ ተመሳሳይ አገልግሎት በነፃ ከፈተ። ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው? የላከውን የማያስታውስ ሰው ምን ጸሐፊ ነው?» ይል ይሆናል። ለእርሱ የራሴን ጥፋት ልንገረው። እዚህ አገር እንደ መጣሁ፣ ጋዜጠኝነቴ ሜዳ ላይ ቀርቶ በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ስታገል፣ አንዲት ታሪክ ለአንድ መጽሔት ላክሁ። ወራት አለፉ። ረሳኋት። ያችኑ ታሪክ ለሌላ መጽሔት ላክሁ። ሁለቱም «ለሌላ የላካችሁትን አትላኩልን» የሚሉ ነበሩ። እግዜር ሲያዋርደኝ፣ ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ ተቀበሉኝ! ደስታዬ አንድ ቀን አልቆየም። ለአንደኛው አዘጋጅ የይቅርታ ደብዳቤ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሱም በሁለት መስመር መለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ መጽሔት የመላክ ድፍረት አላገኘሁም። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለካ ለእኔ ነው።

ሌላም ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። እንደሚታወቀው በ2021 ለአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት ያሸነፈችው አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት ያደገችው ሜሮን ሃደሮ ናት። ከኢትዮጵያ ተወላጆች የመጀመሪያዋ ስትሆን ሽልማቱም 10,000 ፓውንድ ነበር። ልብ በሉ፤ ለዚህ ሽልማት የሚቀርበው አስቀድሞ ታትሞ የወጣ ታሪክ ነው፤ የሚያቀርበውም አሳታሚው እንጂ ደራሲው አይደለም። የእርሷም ታሪክ አስቀድሞ ሳን ፍራንሲስኮ በሚታተመው ዚዚቫ በተባለ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። እንግዲህ ወደ ትልቁ አዳራሽ የሚወስደው በር ትንሹ መጽሔት ነው። በትንሹ በር ላይ ታሪኩ የጠፋበት ሰው ስለ ትልቁ አዳራሽ ሊያልም አይችልም። በእኔ እምነት ጉዳዩ ተራ የመዝገብ አያያዝ ጉዳይ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። «አትክፈሉ» የሚሉት ወገኖች ሦስት ብርቱ ምክንያት አላቸው።

አንደኛ፣ መረጃው የጸሐፊዎቹ ነው ይላሉ። እኛ ያዋጣነውን እህል መልሶ ለእኛው መሸጥ ምን ዓይነት ንግድ ነው? ይህ አነጋገር እውነት አለው።

ሁለተኛ፣ አኀዙ ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም። የሚመዘግበው ፈቃደኛ የሆነው ብቻ ነው። ሰው ደግሞ የተቀበሉትን ቀን በደስታ ይመዘግባል፤ ያባረሩትን ቀን ግን ሆዱ ውስጥ ይቀብራል። ስለዚህ «ይህ መጽሔት ከመቶ አምስት ይቀበላል» የሚለው አኀዝ ከእውነቱ በላይ ቸር ሊሆን ይችላል። ክፍያ ሲጨመርበት መዝጋቢው ይቀንሳል፤ መዝጋቢው ሲቀንስ አኀዙም ይሳሳል።

ሦስተኛ፣ አብዛኞቹ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች ለጸሐፊው አይከፍሉም፤ ወይም አንድ ሁለት ቅጂ ሰጥተው ያሰናብታሉ። ገቢ በሌለበት ወጪ ማብዛት ደግሞ አያዋጣም።

«ክፈሉ» የሚሉትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ያን ሁሉ መጽሔት በየጊዜው የሚያጣራ፣ የሞተውን የሚሰርዝ፣ የተወለደውን የሚጨምር ሰው አለ። ያ ሰው ይበላል፣ ኪራይ ይከፍላል። ይህን ጋዜጣ እናንተ በነፃ ታነሡታላችሁ፤ ነገር ግን በነፃ አልታተመም። የጉዞ ወኪሉና የባልትናው ነጋዴ ማስታወቂያ ባይኖር ይህች አምድ አትኖርም። በነፃ የሚሰጠን ነገር ሁሉ ወጪውን የተሸከመ አንድ ሰው ከበስተጀርባው አለ። ስለዚህ ዋጋ የጠየቀን ሁሉ ሌባ ማለት ለእኛ ለስደት ጋዜጠኞች በተለይ አያምርብንም። ስንቱን ጋዜጣችንን የቀበርነው አንባቢ ጠፍቶ ሳይሆን የሚከፍል ጠፍቶ አይደለምን?

ሂሳቡንም እንየው። የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድና ፋንታሲ ደራስያን ማኅበር እንደ ባለሙያ ክፍያ የሚቆጥረው ዝቅተኛ ተመን በቃል 8 ሴንት ነው። በዚህ ተመን የ3,000 ቃል ታሪክ 240 ዶላር ያወጣል። እንዲህ ያለች አንዲት ታሪክ የሸጠ ሰው የአራት ዓመት ከግማሽ በላይ ክፍያ አገኘ ማለት ነው። በሌላ በኩል ብዙ መጽሔቶች ጽሑፍ ለማንበብ ብቻ 3 ዶላር ገደማ ይጠይቃሉ። ለሃያ መጽሔት የላከ 60 ዶላር ከኪሱ ወጣ ማለት ነው፤ ሃምሳውን አለፈ! ሰው ሃምሳውን አንድ ጊዜ ሲጠየቅ ይደነግጣል፤ ሦስት ሦስት እያለ ሲንጠባጠብ ግን አያየውም። እነዚህ መከታተያዎች ደግሞ የማንበቢያ ዋጋ የማይጠይቁትን ለይተው ያሳያሉ።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ምንድን ነው?

ለጀማሪው፦ አትክፈል። አምስት ታሪክ ያለው ሰው የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። አምስት ዓምድ ያስምር፤ የታሪኩ ስም፣ የመጽሔቱ ስም፣ የላከበት ቀን፣ መልስ የመጣበት ቀን፣ መልሱ ምን እንደ ነበር። ኮምፒዩተር የሚቀናው በኤክሴል ይሥራው። የመጽሔት ዝርዝር ሲፈልግ ሳብሚሽን ግራይንደር በነፃ አለ፤ ፖይትስ ኤንድ ራይተርስ የተባለው ድርጅትም ዝርዝሩን በነፃ ያሳያል። መጽሔቶች ጽሑፍ የሚቀበሉበት ሳብሚተብል የተባለውም ቢሆን፣ በእርሱ በኩል የላክኸውን ሁሉ በራስህ ስም ተመዝግቦ ታየዋለህ፤ ለጸሐፊው ስሙን ማስመዝገብ ነፃ ነው።

ብዙ ለሚልከው፦ አሥር አሥራ አምስት ሥራ በአንድ ጊዜ በየመጽሔቱ ያሰማራ፣ በተለይም ግጥም የሚልክ ሰው፣ ደብተሩ አልበቃ ሲለው ለአንድ ወር 5 ዶላር ከፍሎ ይሞክረው። በዚያ ወር ውስጥ በነፃው ያላገኛቸውን መጽሔቶች ካገኘበት ይቀጥል፤ ካላገኘ ይተወው። የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከፍሎ ረስቶት በካርዱ ላይ እንዳይታደስበት ይጠንቀቅ።

ለሁሉም የሚሆን ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። መከታተያ መሣሪያ ነው፤ እንደ መዶሻ። መዶሻ መግዛት ነውር የለበትም። ነውሩ «ክፈለን፣ እኛ እናሳትምልሃለን» ለሚል ሰው መክፈል ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ስሙን በኅትመት ለማየት የቸኮለ ስደተኛ ለእንዲህ ያለው ወጥመድ ቅርብ ነው። የማኅበረሰባችን ሰዎች የሁለት ሥራ ደመወዛቸውን ሰጥተው፣ ማንም ያላነበበውን መጽሐፍ በካርቶን ቤታቸው ሲደረድሩ አይቻለሁ። «ገንዘብ ወደ ጸሐፊው ይፍሰስ» የሚለው የሙያው ሕግ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው። ለልጁ የሰጠሁት መልስ ለመዶሻው ሳይሆን ለወጥመዱ ነበር።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን ልመለስ። ከእነዚህ አገልግሎቶች የትኛውም ቢሆን ዋና ሥራው በእንግሊዝኛ ለሚጻፈው ነው። በአማርኛ ለሚጽፈውስ ማን አለው? በአዲስ አበባ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ስሠራ፣ ሰዎች ግጥማቸውንና ታሪካቸውን በእጅ ጽፈው፣ በፖስታ አሽገው ለዘበኛው ይሰጡልን ነበር። ከዘበኛው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ መሳቢያ። በየሳምንቱ ደጅ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ የኔ ነገር ምን ደረሰ?» የሚል ሽማግሌ ነበር። እኔ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርሁ፤ እርሱ ግን ጽሑፉ በእጄ ስላለ ብቻ ጋሼ ይለኝ ነበር። መልስ ሳልሰጠው ቀረሁ። የ1997ቱን (በእኛ አቆጣጠር) ምርጫ ተከትሎ ከአገር ስወጣ ጽሑፉ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ዛሬ እኔ ራሴ ከፈረንጅ አዘጋጅ መልስ ስጠብቅ የማስበው እርሱን ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማኅበሮቻችን፣ ቤተ መጻሕፍቶቻችንና የማኅበረሰብ ጋዜጦች አንድ መዝገብ እናብጅ። በአማርኛ ጽሑፍ የሚቀበለው ማን ነው? በስንት ጊዜ ይመልሳል? ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? የሚጽፍ ሁሉ የደረሰበትን ያስመዝግብ። ዕቁብና ዕድር በሰው አገር ያቆመ ሕዝብ ይህን ማቆም አያቅተውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ሃምሳው ዶላርም እንዲሁ፤ ለአንድ የሌሊት ጠባቂ ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው አንዳንድ ዶላር ነው። እኛ አዘጋጆችም ከመሳቢያችን እንጀምር፤ «አልተቀበልነውም» የሚለው መልስ እንኳ ከዝምታ ይሻላል።

ለዚያ ወጣትም በሚቀጥለው እሑድ ደብተር ይዤለት እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ አምስት ዓምድ አስምሬበታለሁ። አምስተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፈውን ቡና ይዘን አብረን እናያለን።

ቸር ይግጠመን።