በዋት አትታለሉ!

ወገን፣ ከከላላ እስከ መርካቶ ስፒከር ሲገዛ የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። ሻጩ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ያሳያል፤ ገዢው ቤዙ ደረቱን ሲመታው ይከፍላል።

ዋት ስፒከሩ የሚችለው ኃይል እንጂ የሚሰጠው ድምፅ አይደለም። ዋናው በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዲሲቤል እንደሚያወጣ ነው። 90 ዲሲቤል የሚያወጣው በ10 ዋት የሚያሰማውን፣ 84 የሚያወጣው ለማሰማት 40 ዋት ይፈልጋል። በሶላር ለሚያዳምጥ ቤት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የባሰው ግን የፍጥነት ጉዳይ ነው። ድቤ ሲመታ ድምፁ ወዲያው ይነሳል፣ ወዲያው ይበርዳል። ቤዙ የሚጎተት ስፒከር አንዱን ምት ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል፤ የመንዙማው ድቤ ጉርምርምታ ይሆናል፣ ማሲንቆው ይዋጣል። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ከወሎ ምድር የወሰዱ ቅኝቶች ናቸው፤ በገዛ ቤታችን እናፍናቸው?

«ወጣቱ ቤዝ ይወዳል» ትሉ ይሆናል። ይውደድ! ጥርት ያለ ቤዝና የሚያጓራ ቤዝ ግን ለየቅል ናቸው።

ሱቅ ስትገቡ የምታውቁትን መንዙማ ወይም አምባሰል በስልካችሁ ይዛችሁ ግቡ። ዝቅ አድርጋችሁም፣ ከፍ አድርጋችሁም ስሙት። ግጥሙ ካልተለየ፣ ምቱ ካልተቆጠረ፣ ሺህ ዋት ቢጻፍበትም ትታችሁት ውጡ!