ከፏፏቴው ሥር የተማርነው

ባለፈው የካቲት ልጆቻችንን ይዘን በወጨጫ ተራራ ወዳለው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄድን። ይህ ደን በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደ ተተከለ ይነገራል። በጽድና በወይራ ጥላ በእግር ተጉዘን ከትንሺቱ ፏፏቴ ስንደርስ፥ በጋ ሆኖ ሳለ ውሃው አልነጠፈም ነበር። ታናሹ ልጃችን እርጥብ ድንጋይ ረግጦ ሲያዳልጠው፥ እኛ ለቁጣ አፋችንን ስንከፍት፥ ዘወትር ዝንጉ የምንላት እኅቱ ቀድማ እጁን ያዘችው። እጅግ አፈርን። የደን አፈር የክረምቱን ዝናም ጠጥቶ በበጋ ጥቂት በጥቂት እንደሚሰጥ፥ ልጅም የሰማውን ምክር በልቡ አኑሮ በሚያስፈልግበት ሰዓት ያወጣዋል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ የዘራችሁት ዛሬ ባይታያችሁ ልጃችሁን ከንቱ አትበሉት።