ካርዱን ከማበስሽ በፊት ጠይቂ

እህቴ፣ አል ጁርፍ ውስጥ በምትሠሪበት ቤት የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪዎችን ካርድ የሚሰበስብ ልጅ አለ? የሃሚልተን ወይም የቨርስታፐን ፎቶ ያለበት ካርድ ተራ ወረቀት ሊመስልሽ ይችላል። ነገር ግን እንደ ፒኤስኤ ያሉ ድርጅቶች ማዕዘኑን፣ ጠርዙንና ገጽታውን መርምረው ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጡታል፤ ዋጋውም ከደረጃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ብታብሺው ሊበላሽ ይችላል። ያኔ ጣት የሚቀሰረው ወደ አንቺ ነው።

በእኔ እምነት ውድ ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ክፍሉን ከማጽዳትሽ በፊት «ካርዶችህን አንሳ» በዪው። መሬት ወድቆ ብታገኚው በደረቅ እጅ ጠርዙን ይዘሽ አንሺው። ጫፉ ቀድሞ ታጥፎ ከሆነ ግን ሳትነኪው ማዳምን ጠርተሽ አሳዪያት። ደመወዝሽ በላብሽ ያገኘሽው ነው፤ ባላጠፋሽው ጥፋት እንዳይቆረጥብሽ ቀድመሽ ተናገሪ።