የጎርጎራን ግምብ ማን ይጠብቀው?

በጣና ዳር፣ በጎርጎራ አጠገብ፣ ኢየሱሳውያን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ ያሠሩት የማርያም ግምብ ፈርሶ ይታያል። ጸሎታቸውም ትምህርታቸውም በዚያ ነበር። ዛሬ ግድግዳው አብዛኛው ተንዷል።

«የባዕድ ቅሪት ነው፤ ይፍረስ» የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ማስረጃውን ያጠፋ ሰው ፍርዱን እንዴት አድርጎ ያስተምራል?

እ.ኤ.አ. በ1603 የመጣው ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ ተከራክሮ፣ ንጉሡን ሳይቀር አሳመነ፤ በ1622 ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደገና ይባረኩ አለ። ገበሬው ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ሚሲዮናውያኑም ተባረሩ።

እንግዲህ ትምህርቱ ይህ ነው፦ በሕዝቡ ቋንቋ ቀርቦ ያስረዳ ይደመጣል፤ በአዋጅ የጫነ ይተፋል። ይህንን ለማስተማር ከዚያ ግምብ የተሻለ መምህር ከወዴት እናመጣለን?

በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» በጎርጎራ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። እንግዳ መቀበሉን አንነቅፍም። ነገር ግን አልጋው ተነጥፎ ታሪኩ ከፈረሰ፣ እንግዳው ምን ሊያይ ይመጣል?

ስለዚህ ከማረፊያው ገቢ ለግምቡ ጥገና ድርሻ ይመደብ እንላለን። የታሪክና የምሕንድስና ተማሪዎችም በዕረፍት ጊዜያችን ወርደን እንለካው፣ እንመዝግበው። ጓዶች፣ ግምቡ ካለቀ በኋላ ለቅሶ ከመቀመጥ ዛሬ ድንጋይ ማቀበል ይሻላል።